የዘንዶዋ ጀርባ

ሰኞ፣ ጥር 5

ጥቁር ቀለም አልቋል። መስኮቱ አሁንም አልዘጋ ብሎ ጨርቅ ወትፌበታለሁ። ጠዋት የጥርስ ሳሙናውን ሥዕል ጨርሼ ላክሁ... ጥንቸል ጥርሷን ስትቦርሽ። ጥንቸሏ ደስ ብሏታል። እኔን እንጃ።

ከሰዓት ቶሎቶሎ ደወለች። አሳታሚዋ ናት። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን «ቶሎ» ሳትል ስልክ ዘግታ ስለማታውቅ እኔ ዘንድ ስሟ ይኼ ነው። ልብወለድ አለኝ፣ ዘንዶ ያለበት ነው፣ ለወጣቶች ነው፣ ሥዕል ይፈልጋል፣ ቶሎ። ደራሲው ማን ነው ብላት ሳቀች። «የራስሽ ወንድም ነዋ። አልነገረሽም እንዴ?»

አልነገረኝም። ፊደል ያስቆጠርኩት ልጅ፣ ንፍጡን የጠረግኩለት ልጅ፣ መጽሐፍ ጽፎ አሳታሚ ቤት ሲመላለስ እኔ ከሰው እሰማለሁ። ደወልኩለት። «እትዬ፣ ላስደንቅሽ ብዬ እኮ ነው» አለ። ድምፁ ግን የፈራ ሰው ድምፅ ነው። ምን ያስፈራዋል? ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እኔ አሁንም ጩጬ ነው የምለው።

ለማንኛውም ኮርቻለሁ። ለሰው አልናገርም እንጂ በጣም ኮርቻለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ያላየሁትን አልስልም። ይኼ ልማዴ የማይስቅበት ሰው የለም። ለድቡ ተረት የሕንፃችንን ጥበቃ ብርድ ልብስ አልብሼ ኮሪደሩ ላይ በአራት እግሩ አስኬጄዋለሁ። እስከ ዛሬ ሲያየኝ ያገሳል። ምን ላድርግ... ሰው በአካል ካልቆመልኝ እጄ ይዋሻል።

ዘንዶ ግን ከየት ይመጣል? ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ሠራተኛው በጋሪ ጭኖ አመጣልኝ፤ የጥንት ተረቱንም፣ የዘመኑን ልብወለድም። ውዬበት መጣሁ። ተናድጄ መጣሁ።

በአንዱ አገር ዘንዶ የዝናብ ጌታ ነው። ደመና ይነዳል፣ ወንዝ ያዛል፣ ሰው ተንበርክኮ ይለምነዋል። በሌላው ፀሐይ ይውጣል፤ ሰው ድስት እየደበደበ ያስተፋዋል። እሺ፣ ይሁን። ከዚያ ወዲያ ግን ሁሉም ወርቅ ላይ ያስተኙታል። ወርቅ ምን ያደርግለታል? አይገዛበት፣ አይበላው። ጀግናው መጥቶ እንዲወስደው ነው የሚጠብቀው። ምንጭ ላይ ያስቀምጡታል፣ ጀግናው ጥም እንዲያረካ። ልዕልት ያስይዙታል፣ ጀግናው ሚስት እንዲያገኝ። የአሁኖቹ ደራሲዎች ደግሞ አዘንን ብለው ኮርቻ ጫኑበት። ገደሉት፣ ጋለቡት፣ ያው ነው።

ልዕልቲቱን ያን ሁሉ ዓመት ማን አበላት? ማን ውሃ አመጣላት? አንድ መጽሐፍ አይጠይቅም።

ሠራተኛው መጣና «እህቴ፣ ገጹ ምን አደረገሽ?» አለኝ። ሳላውቀው በጣቴ እየመታሁት ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 9

የጩጬ መጽሐፍ ግማሹ ደረሰኝ። ሁለተኛውን ግማሽ እያረመው ነው አሉኝ።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ዘንዶዋ ሴት ናት። ወርቅ የላትም፤ ያላት አንድ ልጅ ነው። ዋሻ ውስጥ ታሳድገዋለች። ልጁ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀው «በላህ?» ነው። እሳት የምትተፋ ዘንዶ፣ «በላህ?» ስትል... ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ቀጠልኩ። ስትሠራ ታንጎራጉራለች። ከዋሻው ስትወጣ መዝጊያውን ድንጋይ ትገፋለች፣ ትሄዳለች፣ ተመልሳ ደግሞ ትነካዋለች። ጥፍሮቿ ጥቁር ናቸው፤ ቢታጠቡ የማይለቅ ጥቁር።

ጥፍሬን አየሁ።

ከዚያ ወዲያ አልሳቅኩም። የዋሻውን አፍ በአካሏ ዘግታ ነው የምትተኛው። ልጁ ከዚያ ውጪ ምንም አያይም። «የልጁ ዓለም የሚያልቀው የዘንዶዋ ጀርባ ላይ ነበር» ብሎ ጽፏል። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው። ጥሩ መሆኑ ደግሞ ደሜን አፈላው። እኔ ነኝ። ወንድሜ እኔን ዘንዶ አድርጎ፣ መልሶ እኔኑ ሳዪልኝ ብሎ ላከልኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 10

ደወለ። አላነሳሁም። ደግሞ ደወለ። ይደውል።

እሑድ፣ ጥር 11

ራሱ መጣ። አይኑን በጨው አጥቦ፣ ዳቦ ይዞ። በሩ ላይ «በላህ?» ልለው አፌ ከተከፈተ በኋላ ዋጥኩት። አየኝ። ገባው።

«እትዬ፣ ልብወለድ እኮ ነው።»

«ጥፍሬም ልብወለድ ነው?»

«ዘንዶዋን እኮ እወዳታለሁ። ከመጽሐፉ ውስጥ የምወዳት እሷን ነው።»

«መጨረሻ ላይ ምን ትሆናለች?»

ዳቦውን መቁረስ ጀመረ። «መሞት አለባት» አለ። «ካልሞተች ልጁ አይወጣም።»

ከዚያ ሌላ ነገር አወራ። አክስታችን ቤት፣ የጓሮዋ ክፍል። «ታስታውሺያለሽ አይደል፣ በሩን ተደግፈሽ መሬት ላይ ነበር የምትተኚው? አልጋ እያለ። ልወጣ ስል አንቺን መራመድ ነበረብኝ። ገና ሳልንቀሳቀስ ትነቂያለሽ። እስር ቤት ነበር የሚመስለኝ፣ እውነቴን ነው።»

ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሳሁ። ጀርባዬን ሰጥቼው ቆምኩ፤ ፊቴን እንዲያይ አልፈለግኩም። ምን ልበለው? ለምን በር ላይ እንደምተኛ እንዳያውቅ ያደረግኩት እኔው ነኝ። አሁን ባለማወቁ እናደዳለሁ። ሰው በዚህ ይናደዳል? ይናደዳል።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ሁለተኛው ግማሽ መጣ። ባይመጣ ይሻል ነበር።

ፈረሰኛ አለ። ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ዋሻውን የሚያናጋ። ከውጪ ቆሞ ይጣራል፤ «ልጄ፣ ና ውጣ፣ እኔ ነኝ።» ዘንዶዋ ታገሳለች፣ እሳት ትተፋለች፣ ልጁ ድምፁን እንዳይሰማ። ፈረሰኛው ተስፋ አይቆርጥም። መጨረሻ ላይ ይገባል፣ አንገቷን በሰይፍ ይላታል፣ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ብርሃን ይወጣል። አባትየው ነው።

አብሮት ደግሞ አዲስ የመጀመሪያ ገጽ መጥቷል፣ የመጽሐፉ መታሰቢያ፦ «በር ላይ ቆሞ ለጠራኝ አባቴ።»

ጠራው። አዎ፣ ጠራው። ለማንም ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው፣ አለበለዚያ እፈነዳለሁ። እናታችን ስትሞት ጩጬ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አሥራ አምስት። አባባ መጠጥ ጀመረ። አክስቴ እኛን ወደ ጓሮ ክፍሏ አመጣችን። እየጠጣ ይመጣል፤ ልጄን ስጡኝ። አንድ ቀን ከፈትኩለት። አባቴ ነዋ፣ እንዴት አልከፍትለትም? የልጁን ክንድ ይዞ ጎተተው፤ እኔ ከወዲህ ያዝኩት። ክርኑ ተሰበረ። ድምፁን ሰማሁት፣ የአጥንቱን። ላስለቅቅ ስሞክር የሆነውን አልጽፍም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን ተደግፌ ተኛሁ። እሱ ከውጪ በእግሩ ይመታል፣ በጀርባዬ ይሰማኛል። እንዳይሰበር እገፋለሁ። «ልጄ፣ እኔ ነኝ» ይላል። ጩጬ የሰማው ይኼን ነው። ለክርኑ ከደረጃ ወድቀህ ነው አልነው። እስከ ዛሬ ጓደኞቹን ያስቅበታል፣ ከደረጃ በወደቀበት ታሪክ። አባባ የሞተው ጩጬ ሰባት ሲሞላው ነው። ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ደግ ነበር አልኩት። በጣም ይወድህ ነበር። ሥራ ሩቅ ወስዶት ነው። ሲስቅ ቤት ያናጋ ነበር።

ፈረሰኛውን የሠራሁለት እኔ ነኝ። እሱ ፈረስ ብቻ ነው የጨመረበት።

ሐሙስ፣ ጥር 15

አክስቴ ጋ ሄድኩ። የታጠበ ልብስ እያጠፈች አገኘኋት። ነገርኳት፤ መጽሐፉን፣ መታሰቢያውን። አንሶላውን አንድ ጫፍ ሰጠችኝ። እየጎተትን አጠፍን።

«ንገሪው» አለች።

«ምን ብዬ?»

«እንደሆነው።»

«ያለው አባት እኮ እሱ ብቻ ነው አክስቴ። ያንን ቀምቼው ምን ልስጠው?»

«አንቺስ? አንቺ አርባ አራት ዓመትሽ ነው። ቤት አለሽ፣ አልጋ አለሽ። እስከ መቼ ነው በር ላይ የምትተኚው?»

በሷም ተናደድኩ። ያኔ የት ነበረች? ዋናው ቤት ውስጥ፣ ራዲዮ ከፍታ። እሷም ፈርታ ነበር፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ተናደድኩ። አንሶላውን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

አልነግረውም። ቆርጫለሁ። ሆድ ይፍጀው።

ሰኞ፣ ጥር 19

ቶሎቶሎ ለሽፋኑ የዘንዶዋን መገደል ትፈልጋለች። ፈረሰኛው ሰይፉን አንስቶ፣ ዘንዶዋ ከሥሩ። «እሱ ነው የሚሸጠው» ትላለች። «ዘንዶ ሞታ ነው ሰው የሚገዛው።»

እሺ አልኳት። ግን ያላየሁትን እንደማልስል ታውቃለች። ፈረሰኛ ያስፈልገኛል። ደራሲው ራሱ ይምጣና ይቁምልኝ አልኩ። በጣም ሳቀች፣ ጥሩ ሐሳብ ነው አለች።

ለሥዕሉ ብዬ አይደለም። ለእልህ ነው። በአንድ መስመር ገድሎኛል። ቆሞ ይግደለኛ፣ ክንዱ እስኪዝል ድረስ።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ሁለት ጊዜ ጀምሬ ገጹን ቀድጃለሁ። ቢሆንም ልጻፈው።

ጠዋት መጣ። ትልቁን መስታወት ግድግዳው ላይ አስደግፌ ነበር፤ ሁለታችንም እንድንታይበት። እኔ በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ ሰሌዳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ። እሱ ከበላዬ ቆመ። ለሰይፍ የመወልወያ እንጨት ሰጠሁት። «ይኼ ጨርቁ ካልተነሳለት ዘንዶዋ በሳቅ ነው የምትሞተው» አለ። ሳቅን። እንደ ድሮው ሳቅን፣ ክፉውም ነገር እሱ ነበር።

መሳል ጀመርኩ። ቀኝ ክንዱ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፤ ክርኑ ጋ ይቀራል። ግራውን አንሳ አልኩት።

ቆየ። ደከመው። «ላውርድ?» ሲል «ገና ነው» አልኩ። እንጨቱ ወደ ታች ሲል «አንሳ» አልኩ። «እትዬ፣ ቀጣሽኝ እኮ።» «ደራሲ አይደለህ? ከልብህ አንሳው። እንደጻፍከው።»

እሺ አለ። እልህ ያዘው መሰለኝ። እግሩን ከፈተ፣ እንጨቱን ከራሱ በላይ ሰቀለ፣ ድምፁን አወፈረና የፈረሰኛውን ቃል ተናገረ። «ልጄ፣ ና ውጣ። እኔ ነኝ።»

የአባባ ድምፅ ነው። ከየት አመጣው? አልሰማሁበትም ነበር፣ ይህን ሁሉ ዓመት። ከጀርባዬ በር፣ ከላዬ የተነሳ እንጨት፣ ያ ድምፅ...

ሰሌዳው ወደቀ። በሁለት እጄ ራሴን ሸፍኜ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ በሩ ሥር ተኮማትሬያለሁ። መቼ እንዳደረግኩት አላውቅም። በመስታወቱ ውስጥ አየኋት፤ ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ፣ እንደ ልጅ። አፈርኩ። መነሳት ግን አቃተኝ።

«እትዬ?»

እንጨቱን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። እንዳያንኳኳ ተጠንቅቆ። አጠገቤ ተንበረከከ፤ አልነካኝም።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?»

ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ።

«እትዬ። ማን ነው?»

ምን ልበል፣ ሰውነቴ ነግሮ ጨርሷል። እሱ ቀኝ ክርኑን ያዘ። መስታወቱን እያየ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «የአክስቴ ቤት እኮ ደረጃ የለውም» አለ።

የለውም። ጓሮውም ዋናው ቤትም መሬት ለመሬት ነው። እኔና አክስቴ በድንጋጤ ከአፋችን የወጣውን አወራን፤ እሱም ያንን ታሪክ ዕድሜውን ሙሉ አወራው። አንዳችንም ደረጃው የት ነው ብለን አናውቅም።

ነገርኩት። ሁሉንም። መቁረጤ የት ሄደ? ስነግረው እየተሳደብኩ ነበር፤ አባባን፣ አክስቴን፣ እሱን፣ ፈረሰኛውን፣ ጀግና ያለበትን መጽሐፍ ሁሉ። «ጀርባዬን ነው ያየኸው» አልኩት። «ጀርባዬን ብቻ። ፊቴን ያየው እሱ ነው።»

ጃኬቱን ትቶ ወጣ። በሩን በቀስታ ዘጋው።

እሑድ፣ ጥር 25

ምን በላኝ? ምን አስለፈለፈኝ?

ሐሙስ፣ ጥር 29

አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ቶሎቶሎ ጮኸችብኝ። ጩጬ መጽሐፉን ከእጇ ነጥቋታል። መጨረሻውን እንደገና እጽፋለሁ፣ መታሰቢያውንም አውጪው ብሏታል። «ምን ብለሽው ነው? ማተሚያው እየጠበቀኝ ነው። ምቀኝነት ነው እንዴ?» ምቀኝነት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ስድስት መጽሐፍ ሠርቼላታለሁ፣ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

ከዚያ ተቀምጬ ሣልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ። ዋሻውን ከውስጥ ሳይሆን ከውጪ ሣልኩት። የዘንዶዋን ፊት ከፊት ለፊት። መስታወቱ ፊት ቁጭ ብዬ፣ ፊቴን ሳላሳምር፣ እንደሆነው። ቆንጆ አይደለችም። ፈርታለች። አፏን የከፈተችው ስለፈራች ነው። ያን ሁሉ መጽሐፍ ሳገላብጥ የፈራ ዘንዶ አላየሁም... እሳቱ ከምን እንደሚመጣ አንዱም አልጻፈም።

ላኩላት። መልስ አልሰጠችም። አትስጥ።

እሑድ፣ የካቲት 9

ጩጬ መጣ። ጫማው ጭቃ፣ ፊቱ ያበጠ። ከስቷል። በሩን ስከፍትለት «አልበላሁም» አለ፣ ሳልጠይቀው። ያለውን አቀረብኩለት። እየበላ መቃብር ሄጄ ነበር አለ። የአባባ።

«ምን ልታደርግ?»

«ልሰድበው።»

«ሰደብከው?»

«በደንብ። የማውቀውን ሁሉ። ድንጋዩንም ረገጥኩት።»

ደሜ ፈላ። ራሴ አላመንኩትም፣ ግን ፈላ። ሳህኑን ከፊቱ አነሳሁት። «ማን ፈቀደልህ?» አልኩት። «አንተ እሱን የት ታውቀዋለህና ነው የምትሰድበው?»

«አንቺ እኮ ነሽ የነገርሽኝ—»

«እኔ ልስደበው። እኔ አሥራ አምስት ዓመት አባቴ ነበር። አንተ አልደረስክበትም። አፍህን አትክፈትበት።»

ምን ነካኝ? ያን ሰውዬ እኮ ነው። ጩጬ አልተቆጣም፤ ጉንጩ ውስጥ ያለውን ሳያኝክ አየኝ። «እሺ» አለ። «ታዲያ ማን ነበር?»

ተቀመጥኩ። ከፊት ለፊቱ፣ ሳህኑን መሃላችን አድርጌ። የፈጠርኩለትን አባት ሳይሆን የነበረውን ነገርኩት። ግንበኛ ነበር። እጁ ሻካራ ስለነበር ፊቴን ሲዳብሰኝ በእጁ ጀርባ ነበር። ጫማ ማሰር ያስተማረኝ እሱ ነው፣ በተሳሳተው በኩል፣ እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የማስረው። ሲዘፍን ያበላሻል፤ እናታችን ጎረቤት ሰማ እያለች በሩን ትዘጋለች። እሷ ስትታመም ፀጉሯን የሚያጥባት እሱ ነበር። ውሃውን በክርኑ ለክቶ፣ ጭንቅላቷን በአንድ እጁ ደግፎ። ፀጉሯ እየረገፈ ገንዳው ላይ ሲቀር እንዳታይ፣ በጎን እየሰበሰበ ኪሱ ይከታል። እኔ ፎጣ ይዤ ስለምቆም አየሁት። የሞተች ዕለት ኪሱን ሲገለብጥም አየሁት።

«ለመጽሐፍህ እንዳይመስልህ» አልኩት።

«አይደለም» አለ። «ሌላስ?»

ሐብሐብ ይወድ ነበር። ውሻ ይፈራ ነበር፣ ያን የሚያህል ሰውዬ።

«ሌላስ?»

ሌላ ፈለግኩ። አጣሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሌላኛው ሰውዬ ነው። ከሁሉ በላይ የተናደድኩት እዚህ ላይ ነው፤ ጠረጴዛውን መታሁት። ለውሸቱ አባት ያን ሁሉ ዓመት ስንት ነገር ፈጠርኩለት። ለእውነተኛው ያለኝ አንድ ሳህን ምግብ ተበልቶ ሳያልቅ የሚያልቅ ነው። አለቀስኩ፣ ከንዴት።

«በቃ» አልኩት። «ይኼው ነው። አልቋል።»

ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበና መብላት ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ፣ ቀና ሳይል፣ «የፀጉሯን እንደገና ንገሪኝ» አለ።

ነገርኩት።